የስደተኞች እናት ቅድስት ፍራንቸስካ ሳቬሪዮ ካብሪኒ
የትናንቱ እንግዳና የዛሬው እንግዳ

በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ባለው ዘመነ ጽጌ፣ የግዕዝን ሥርዓት የምንከተል ምእመናን የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያምንና የልጅዋን ስደት እናስባለን። ሕፃኑን ታቅፋ በረሃ ማቋረጧን፣ በባዕድ አገር መጠለያ መለመኗን ስንሰማ ልባችን ይነካል። ውኃ የነፈጓትን፣ ደጃቸውን የዘጉባትን ሰዎች እንወቅሳለን። ከቅዳሴው ወጥተን ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን በመንገድ ዳር የምናገኘውን ስደተኛ በዚያው ዓይን የምናየው ስንቶቻችን ነን? የጥንቱን ስደተኛ ማክበር ቀላል ነው፤ ከእኛ ዘንድ ቤት፣ እንጀራ ወይም ሥራ አይጠይቅምና። የዛሬው ስደተኛ ግን ይጠይቃል።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰው ልጅ ታሪክ ደጋግሞ የታየ ነው። ይህን በግልጽ ከሚያሳዩን የቅዱሳን ሕይወት አንዱ ቤተ ክርስቲያን የስደተኞች ጠባቂ ብላ የሰየመቻት የቅድስት ፍራንቸስካ ሳቬሪዮ ካብሪኒ ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ቅድስቲቱና ስለ ዘመኗ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ፍራንቸስካ ካብሪኒ በሰሜን ጣሊያን በሎምባርዲያ አውራጃ፣ ሳንታንጀሎ ሎዲጃኖ በተባለች ትንሽ ከተማ ሐምሌ 15 ቀን 1850 ተወለደች። በዚያን ጊዜ አገሩ ገና በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ነበር። አባቷ አጎስቲኖ ካብሪኒ ገበሬ ሲሆን እናቷ ስቴላ ኦልዲኒ ትባል ነበር። ሕፃኗ ጊዜዋ ሳይደርስ በመወለዷ በሕይወት ትኖራለች ብሎ የተማመነ አልነበረም። ከብዙ ወንድሞችና እኅቶቿም ለአካለ መጠን የደረሱት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ይህ የአካል ድካም ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ኖረ።

በልጅነቷ ካህን የነበሩትን አጎቷን በሚጎበኙበት ጊዜ፣ በሠፈሩ በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ዳር ተቀምጣ ከወረቀት ጀልባ ትሠራ ነበር። በየጀልባው ላይ የአበባ እንቡጥ ታስቀምጥና እነዚህ ወደ ቻይና የሚሄዱ ሚሲዮናውያን ናቸው እያለች በውኃው ትሰድዳቸው እንደነበር ይተረካል። አንድ ቀን ራሷ ቦዩ ውስጥ ወደቀች፤ ከሞት ተረፈች፤ ከዚያም ወዲህ የውኃ ፍርሃት አልለቃትም። የእግዚአብሔር ጥበብ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው፤ ውኃ የምትፈራው ይህች ልጅ በኋላ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ከ20 ጊዜ በላይ ለማቋረጥ ተጠራች።

በ1868 በመምህርነት ተመረቀች። በ1870 አባቷንም እናቷንም በሞት አጣች። በ1872 የፈንጣጣ በሽተኞችን ስታስታምም በሽታው በራሷ ላይ ወጣ። ወደ ምንኩስና ለመግባት ስትጠይቅ ጤናሽ አይፈቅድም ተብላ ተመለሰች። በሌላ አነጋገር የስደተኞች እናት ለመሆን የታጨችው ሴት፣ በር ሲዘጋበት ሰው ምን እንደሚሰማው ገና በወጣትነቷ አወቀችው።

የማኅበሩ አመሠራረት

በ1874 ጳጳሱ ኮዶኞ በተባለችው ከተማ ወደሚገኝ በአያያዝ ጉድለት ወደ ተዳከመ የወላጅ አልባ ሕፃናት ቤት ላኳት። በዚያ ስድስት አስቸጋሪ ዓመታት አሳለፈች። ቤቱ በተዘጋ ጊዜ፣ ኅዳር 14 ቀን 1880፣ ከሰባት ወጣት ሴቶች ጋር በአንድ አሮጌ የፍራንቸስካውያን ገዳም ገብታ የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ሚሲዮናውያን ደናግል ማኅበርን መሠረተች። በ1888 የማኅበሩ ሥርዓት ከሮም ፈቃድ አገኘ። የእናት ካብሪኒ ሐሳብ ግን ከልጅነት ጀምሮ አልተለወጠም፤ ዓይኗ ወደ ቻይና ነበር። ሳቬሪዮ የሚለውንም ስም የወሰደችው የምሥራቅ ሐዋርያ ከሆነው ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬሪዮስ ነው።

ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ምዕራብ

በዚያን ጊዜ ጣሊያን አንድ መንግሥት ከሆነች ገና 30 ዓመት አልሞላትም። መሬት በጥቂቶች እጅ ነበር፤ ግብሩ ከባድ ነበር፤ በደቡብ ወባ ሕዝቡን ይጨርሰው ነበር። በመሆኑም በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎች መርከብ እየተሳፈሩ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ብራዚልና ወደ አርጀንቲና ይጎርፉ ነበር። የፒያቼንሳው ጳጳስ አቡነ ዮሐንስ ባፕቲስታ ስካላብሪኒ በሚላኖ ባቡር ጣቢያ በመቶ የሚቆጠሩ ስደተኞች ጓዛቸውን ተሸክመው ሲጠባበቁ ባዩ ጊዜ ልባቸው እጅግ አዘነ። በ1887 ስደተኞችን ተከትለው የሚሄዱ ካህናትን ማኅበር መሠረቱ።

ይህ የጣሊያን ገበሬ ችግር የእኛንም አገር ታሪክ እንደ ነካ ማስታወስ ተገቢ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት ቅኝ ግዛት ለማስፋፋት ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ መሬት ያጣውን ሕዝብ ማስፈር ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኤርትራ ደጋ የአገሬውን መሬት እየወሰደ ጣሊያናውያን ገበሬዎችን ማስፈር ጀመረ። በታኅሣሥ 1894 ካቶሊካዊው ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ያነሣው ዐመፅ አንዱ መንስኤ ይኸው የመሬት ነጠቃ ነበር። ከአንድ ችግር ሁለት መንገድ ወጣ ማለት ነው፤ አንዱ እንጀራ ፍለጋ እጁን ዘርግቶ የሄደ ስደተኛ፣ ሁለተኛው ጠመንጃ ይዞ የመጣ ሠፋሪ። እንግዳን መቀበል ስንል የምንናገረው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ታሪክን አያውቅም።

አቡነ ስካላብሪኒ እናት ካብሪኒን ወደ ኒው ዮርክ እንድትሄድ ጠየቋት። እርሷ ቻይናን ትታ ለመሄድ አመነታች። በመጨረሻ ጉዳዩን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለሊዮን 13ኛ አቀረበች። እርሳቸውም ጉዞዋ ወደ ምሥራቅ ሳይሆን ወደ ምዕራብ እንዲሆን አዘዟት። የዘመናት ሕልሟን በአንድ ቀን ለመታዘዝ ሠዋች።

በኒው ዮርክ ወደብ

እናት ካብሪኒ ከስድስት ደናግል ጋር መጋቢት 31 ቀን 1889 ኒው ዮርክ ገባች። የሚቀበላቸው ቤት አልተዘጋጀም ነበር። የመጀመሪያዋን ሌሊት በቆሸሸ የኪራይ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሳያዩ አነጉ። በማግስቱ ወደ ከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ወደ አቡነ ሚካኤል ኮሪጋን ሲቀርቡ የጠበቃቸው መልስ ከሌሊቱ የከፋ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ የሕፃናቱን ቤት ለማቋቋም ገንዘብ ከሰጠችው ከአንዲት የመኳንንት ወገን ሴት ጋር ስለ ቦታው አልተስማሙም ነበርና፣ ደናግሉ በመጡበት መርከብ ወደ ጣሊያን ቢመለሱ እንደሚሻል ነገሯቸው። እናት ካብሪኒም በትሕትና ግን ሳታወላውል፣ የላኳት ቅዱስ አባታችን ስለሆኑ እንደማትመለስ አስረዳች። ሊቀ ጳጳሱም በኋላ ሥራዋን አይተው ረድተዋታል። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የወላጅ አልባ ሕፃናት ቤት ተከፈተ።

ነገሩን ልብ ብለን ብናየው አንድ ትምህርት እናገኝበታለን። አቡነ ኮሪጋን ራሳቸው የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነበሩ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት አየርላንዳውያን በአሜሪካ እንዴት ይታዩ ነበር? በ1844 በፊላደልፊያ ካቶሊኮች መጽሐፍ ቅዱስን ከትምህርት ቤቶች ሊያስወጡ ነው ተብሎ በተነሣው ሁከት የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ አውግስጢኖስ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ከ1845 ጀምሮ በድንች ረኀብ ምክንያት በገፍ የመጡት አየርላንዳውያን ሰካራሞች፣ ወንጀለኞችና ለአሜሪካ ሥርዓት የማይመቹ ናቸው ተብሎ ተጽፎባቸዋል። በ1889 ግን እነርሱ ባለ ቤት ሆነው ነበር። ካህናቱም፣ ፖሊሶቹም፣ የከተማው ሹማምንትም ከእነርሱ ወገን ነበሩ። ጣሊያናዊው በመጣ ጊዜ በእነርሱ ላይ የተነገረውን ሁሉ መልሰው በእርሱ ላይ ተናገሩ።

በኒው ዮርክ ሞት በተባለው ጎዳና የሚገኘው የመለወጥ (ደብረ ታቦር) ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ምስክር ነው። ቁምስናው የአየርላንዳውያን በነበረበት ወቅት ጣሊያናውያኑ ቅዳሴ የሚሰሙት ከላይ ከሚገኘው መቅደስ ሳይሆን ከታች ካለው ምድር ቤት ነበር። ከጊዜ በኋላ ጣሊያናውያን ወደ ላይ ወጡና ቁምስናው የእነርሱ ሆነ። ከእነርሱም በኋላ ተራው የቻይናውያን ሆነ። ቻይናን ለማየት የተመኘችው እናት ካብሪኒ ይህን ከሰማይ ስታይ ፈገግ ሳትል አትቀርም።

መዋሐድ ወይስ መዋጥ?

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በብርቱ ክርክር ላይ ነበረች። እንደ ሴይንት ፖል ሊቀ ጳጳስ እንደ አቡነ ዮሐንስ አይርላንድ ያሉት፣ ስደተኛው ቶሎ እንግሊዝኛ ተምሮ አሜሪካዊ ይሁን ይሉ ነበር፤ እርሳቸው ራሳቸው በአየርላንድ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ ናቸው። በሌላው ወገን ጀርመናዊው ምእመን ጴጥሮስ ጳውሎስ ካሄንስሊና ባልደረቦቹ በ1891 ለሮም ባቀረቡት ማመልከቻ፣ ስደተኛው በቋንቋው የሚያገለግሉት ካህናትና ቁምስናዎች ካላገኘ እምነቱን ያጣል ብለው ተከራከሩ። አንዱ ወገን ሁለተኛውን ቤተ ክርስቲያንን ይከፋፍላል ሲል፣ ሁለተኛውም ነፍሳትን ለአገር ፍቅር ይሠዋል ብሎ ይመልስ ነበር።

እናት ካብሪኒ በዚህ ክርክር መጽሐፍ አልጻፈችም። መልሷ በሥራዋ ይታያል። ደናግልዋ ሕፃናቱን በጣሊያንኛ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምሯቸዋል፤ እንግሊዝኛም እንዲያውቁ ያደርጋሉ። በ1892 በኒው ዮርክ ለተቋቋመው ሆስፒታል ኮሎምቦስ የሚል ስም ተሰጠው። ዓመቱ ኮሎምቦስ አሜሪካ የደረሰበት 400ኛ ዓመት ነበርና፣ ጣሊያናዊው እንደ ወገኑ፣ አሜሪካዊውም እንደ አገሩ ባለ ታሪክ የሚያከብሩት ስም ነበር። ሐኪሙ ምን እንደሚለው ስለማይገባው ሆስፒታል ይፈራ የነበረው ገበሬ በዚያ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው አገኘ። እርሷም ራሷ በ1909 በሲያትል ከተማ የአሜሪካ ዜግነት ተቀበለች። ቋንቋዋን አልጣለችም፤ ያስጠጋትንም አገር እንደ ማረፊያ ብቻ አልቆጠረችም። መዋሐድ ይህ ነው። መዋጥ ግን ሌላ ነው፤ የተዋጠ ሰው የመጣበትን ከማጣቱም በላይ የገባበትን አያገኝም።

ሥራዋና ድካሟ

መጋቢት 14 ቀን 1891 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ታላቅ ግፍ ተፈጸመ። የከተማው የፖሊስ አዛዥ ተገድሎ በርካታ ጣሊያናውያን ተከሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ አንዳቸውንም ጥፋተኛ ባለማለቱ የተቆጣ ሕዝብ እስር ቤቱን ሰብሮ ገብቶ 11 ጣሊያናውያንን ገደለ። በ1892 እናት ካብሪኒ ደናግልዋን ወደዚያች ከተማ ላከች፤ በዚያም ለስደተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤትና የሕፃናት ማሳደጊያ ቆመ። ሌላው ሰው በሚሸሽበት ሠፈር ቤት መክፈት ልማዷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ የጉዞ ታሪክ ነው። ወደ ኒካራጓ፣ በ1895 የአንዲስን ተራራ ተሻግራ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ ብራዚል፣ ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ተጓዘች። በኮሎራዶ ደናግልዋ ወደ ማዕድን ጉድጓድ እየወረዱ ሠራተኞቹን አጽናኑ፤ በየእስር ቤቱም ወገን የሌላቸውን እስረኞች ጎበኙ። በቺካጎ ለሆስፒታል የሚሆን ሕንፃ ስትገዛ ሻጮቹ ከመሬቱ ሊቀንሱባት መሞከራቸውን ጠርጥራ ደናግልዋን በማለዳ ልካ ቦታውን በገመድ እንዳስለካችና እንደ ደረሰችባቸው ይነገራል። ሆስፒታሉ በ1905 ተከፈተ። በሕይወት ሳለች ያቋቋመቻቸው ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና የሕፃናት ቤቶች 67 ደርሰዋል።

ታኅሣሥ 22 ቀን 1917 በዚያው በቺካጎ ሆስፒታል፣ በ67 ዓመቷ፣ በወባ በሽታ ዐረፈች። የመጨረሻ ሥራዋ ለስደተኞች ልጆች ለልደት በዓል የሚሰጥ ከረሜላ ማዘጋጀት እንደነበር ይነገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ሐምሌ 7 ቀን 1946 ቅድስናዋን አወጁ፤ ከአሜሪካ ዜጎች መካከል የመጀመሪያዋ ቅድስት ሆነች። በ1950 ደግሞ የስደተኞች ጠባቂ ተባለች።

የትናንቱና የዛሬው

እናት ካብሪኒ በሕይወት ሳለች የአሜሪካ ምክር ቤት በሴናተር ዲሊንግሃም የሚመራ የጥናት ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ ከ1907 ጀምሮ አጥንቶ በ1911 በ41 ቅጾች ባወጣው ዘገባ ስደተኞችን በሁለት ከፈለ። ቀድሞ ከሰሜንና ከምዕራብ አውሮፓ የመጡት መልካሞች፣ ከሕዝቡ ጋር የተዋሐዱ ተባሉ። አዲሶቹ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት፣ ማለትም ጣሊያናውያን፣ ፖላንዳውያን፣ አይሁድና ሌሎችም፣ ለመዋሐድ የሚያስቸግሩ ተባሉ። እርሷ በሞተችበት ዓመት ማንበብ የማይችል ስደተኛ እንዳይገባ ሕግ ወጣ። በ1924 በወጣው ሕግም፣ በዐሥር ዓመት ብቻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው የላከችው ጣሊያን በዓመት ከ3,845 ሰው በላይ እንዳትልክ ተወሰነ። ይህ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው።

እነዚያ አይዋሐዱም የተባሉት ሰዎች የት ደረሱ? ከሲሲሊ የመጣ ስደተኛ ልጅ የሆኑት አንቶኒን ስካሊያ በ1986 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ዛሬ ጣሊያናዊ ስም ያለውን ሰው እንግዳ ነህ የሚለው የለም። ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ግን አያቶቻችን በሕግ መጡ፣ ቋንቋውን ቶሎ ተማሩ፣ ማንንም አላስቸገሩም፣ የዛሬዎቹ ግን እንዲህ አይደሉም የሚሉ ይገኛሉ። ስለ አያቶቻቸው በ1911 የተጻፈውን ቢያነቡ ይደነግጡ ነበር።

የስሕተቱ ሥር ምንድር ነው? እንደሚመስለኝ ሚዛኑ ላይ የምናስቀምጣቸው ሁለቱ ሰዎች እኩያ አለመሆናቸው ነው። የትናንቱን ስደተኛ የምንመለከተው በሦስተኛው ትውልድ፣ ከተማረና ከተደላደለ በኋላ ነው። የዛሬውን የምንመለከተው ግን ከመርከብ ወይም ከአውሮፕላን በወረደበት ቀን፣ ቋንቋ ሳያውቅ፣ ባንድ ክፍል ከስምንት ሰው ጋር ሲያድር ነው። ፍሬን ከዘር ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

እውነቱን ለመናገር የነዋሪው ሥጋት ሁሉ ከንቱ አልነበረም። በጣሊያናውያን ሠፈር ወገናቸውን የሚዘርፉ ወሮበሎች ነበሩ፤ ገንዘባቸውን ቋጥረው ወደ አገራቸው የተመለሱም ብዙዎች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያንም መንግሥታት ለጋራ ጥቅም ሲሉ የስደተኛን አገባብ በሕግ መወሰን እንደሚችሉ፣ ስደተኛውም የተቀበለውን አገር ሕግና ቅርስ ማክበር እንዳለበት ታስተምራለች። ሆኖም የጥቂቶችን ጥፋት በሕዝብ ሁሉ ላይ መጫን፣ ወይም ዛሬ ድኻ የሆነውን ለዘለዓለም ድኻ ነው ብሎ መፍረድ ክርስቲያናዊ አይደለም።

ለእኛ የሚሰጠን ትምህርት

ይህ ታሪክ የሩቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ወገኖቻችን በሱዳን በኩል በእግር ወጥተው በስደተኝነት አሜሪካ ገብተዋል። ከ1995 ወዲህ ደግሞ ሌሎች በዲቪ ዕጣ ሄደዋል። እኔ ራሴ ከቀድሞዎቹ አንዳንዶቹ ስለ ኋለኞቹ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እኛ ከሞት ሸሽተን መጣን፣ እነዚህ ግን ለገንዘብ ነው የመጡት፣ አይሠሩም፣ ያሰድቡናል ይላሉ። ይህን ስሰማ የሞት ጎዳና ምድር ቤት ትዝ ይለኛል። ከምድር ቤት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ደረጃውን መሳብ ሊሆን አይገባም።

በዚያ ያሉ ወላጆችም ልጆቻችን አማርኛ ረሱ፣ በቤተ ክርስቲያን ግዕዙን አይሰሙም ብለው ያዝናሉ። ኀዘናቸው ተገቢ ነው። የእናት ካብሪኒ መንገድ ግን ሁለቱንም ማስተማር እንደሚቻል ያሳያል። በቋንቋው የጸለየ ልጅ የጎረቤቱን ቋንቋ ሲማር አያፍርም፤ ያልጸለየው ግን በሁለቱም ዲዳ ሊሆን ይችላል። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት እየሠሩ፣ ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው፣ ቅዳሴ እንኳ የሚሰሙበት ቀን አጥተው የሚኖሩትን እኅቶቻችንን ስናስብ፣ ያች ሴት ዛሬ ብትኖር በየትኛው ወደብ እንደምትወርድ መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻም ወደ ደጃችን እንመለስ። አገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከ2023 ወዲህም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ ስደተኞችን አስጠልላለች። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በከተማችን የቤት ኪራይ ሲወደድ ስደተኛውን የምንወቅስ፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣውን ወገናችንን ከየት ነህ ብለን የምንገፋ አለን። ልጃችን በባዕድ አገር እንዲህ ቢባል እናለቅሳለን። እኛ ግን በራሳችን ደጅ ይህንኑ እንላለን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ውኃ የምትፈራው ሴት ውቅያኖስ ተሻገረች። እኛ እንድንሻገር የተጠየቅነው ውቅያኖስን አይደለም፤ የደጃችንን ደፍ ብቻ ነው። በመጪው ዘመነ ጽጌ ከቁምስናችን አጠገብ የሚኖር አንድ የስደተኛ ቤተሰብ ፈልገን እንጎብኝ፤ ስሙን እንጠይቅ፤ ከማዕዳችን እናካፍለው። የእመቤታችንን ስደት የሚያስብ ጸሎታችን ያን ጊዜ ሙሉ ይሆናል። በቅድስት ፍራንቸስካ ካብሪኒ አማላጅነት እግዚአብሔር እንግዳን የሚያውቅ ልብ ይስጠን፤ አሜን።